ቀድሞ የገባ ስለት

ደባሱ የጀመረውን ሁሉ ቢጨርስ ኖሮ ላሊበላ ላይ የሚተካከለው ሰው ባልተገኘ ነበር። ማር ነጋዴ በሆነ፣ ጣሊያንኛ ባቀላጠፈ፣ በገና በደረደረ ነበር። ምን ያደርጋል! ቀፎው ጓሮ ወድቆ ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች። ጣሊያንኛው "ቦንጆርኖ" ላይ ቆሟል። በገናውማ አውታር ሳይገባለት ምስጥ በላው። ይህንን ሁሉ ሰው ሳያወራው በፊት ራሱ ያወራዋል። "እኔ እኮ በመጀመር አንደኛ ነኝ" ይላል እየሳቀ፣ "መጨረስ የሚባለውን ሌላ ሰው ይያዝልኝ።"

ሥራው ጫማ ጥበቃ ነው። ከውቅር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አንዲት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ የሚገባው ሰው ጫማውን ያወልቃል፣ እሱ ደርድሮ ይጠብቃል። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የስንቱ አገር ጫማ በእጁ አልፏል፤ እሱ ግን ከዚያች ድንጋይ ፈቀቅ አላለም። አንድ ቀን አንዲት ፈረንጅ ስለ መስኮቱ ቅርጽ ጠየቀችው። ደባሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ያደገውን ታሪክ በእጁም በእግሩም ሊያስረዳት ሲጣጣር፣ አንድ ወጣት አስጎብኚ መጣና በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ብሏት ይዟት ሄደ። ደባሱ እንግሊዝኛው ባይገባውም ጫማ የምትለዋን ቃል ያውቃታል። "እሱን ተዪው፣ ጫማ ጠባቂ ነው" ማለቱ ነው። ቃሏ ከሆዱ ገብታ አልወጣ አለችው። በሳምንቱ ከማታ ትምህርት ቤት ሄዶ ስምንተኛ ክፍል ተመዘገበ። ሚኒስትሪውን አልፎ፣ ከዚያም ገፍቶ አስጎብኚ ሊሆን ነው።

ተመዘገበ፤ ጥቅምት ላይ አቆመ። በዓመቱ እንደገና ተመዘገበ፤ ኅዳር ላይ አቆመ። "መሻሻል አለ" አላት ሚስቱን ወለላን፣ "በዚህ አያያዜ በሰባት ዓመት ውስጥ ሰኔ እደርሳለሁ።"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለች ወለላ። ወዲያው ቀና ብላ አየችውና "ያንተ እንቁላል ግን እግር ሳያወጣ እንዳይገማ" አለችው።

በሦስተኛው ዓመት፣ 1996 መሆኑ ነው፣ ደባሱ ራሱን በስለት ሊያስር ቆረጠ። ከከተማው በላይ ተራራው ወገብ ላይ የትውልድ አጥቢያው ገብርኤል አለ። "ሚኒስትሪውን ካለፍኩ ጥላ አስገባለሁ" ብሎ ተሳለ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ግን እንደ ልማዱ እግሩ መጎተት ጀመረ፤ አንድ ማታ ብርድ ነው፣ አንድ ማታ እንግዳ መጣ፣ አንድ ማታ ደግሞ ምንም ሳይኖር። ያኔ ነው ያች ጉደኛ ሐሳብ የመጣችለት። ስለቱን አስቀድሞ ቢያስገባስ? ጥላውን ከተቀበለ በኋላ ገብርኤል ዝም ብሎ ሊያየኝ ነው? ይሉኝታ ይይዘዋል እንጂ! እኔስ ብሆን አስገብቼ እንዴት እተወዋለሁ? የላስታ ሕፃን እንኳ ስለት ከሰመረ በኋላ እንደሚገባ ያውቃል። ደባሱም አጥቶት አይደለም፤ ሰነፍ ቢባልም ለብልሃቱ ግን ወደር የለውም።

ታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ከወልድያ ያስመጣትን ዘርፋም ቀይ ጥላ ተሸክሞ ተራራውን ወጣ። በድምፅ ማጉያ ስለት የሚያስነግሩት መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ጥላዋን ተቀበሉና "ስለትህ ሰመረልህ፣ ልጄ?" አሉት።

"ሰምሯል ማለት ይቻላል፣ የኔታ።"

የኔታ "ማለት ይቻላል" የምትለዋን ምን ሊያደርጓት! "ወንድማችን ደባሱ ሚኒስትሪ ቢያልፍ ጥላ ሊያስገባ ተስሎ፣ ቅዱስ ገብርኤል ሰምቶት፣ ስለቱን ይዞ መጥቷል፤ እልል በሉ!" አሉ። ተራራው በእልልታ ተናወጠ። ከኩልመስክ የመጡ አክስቶቹ አለቀሱ። ሽማግሌዎች ግንባሩን ሳሙት። ማታ ማታ ደብተር ይዞ ሲሄድ ያዩት ሰዎች "አሃ፣ ዘጠነኛ ገብቶ ኖሯል!" ተባባሉ።

መናገር ነበረበት። "አይ፣ ገና ነው" ለማለት አንዲት ትንፋሽ ትበቃው ነበር። ለምን ዝም አለ? ደስ ብሎት ነዋ! ያለፈ ሰው የሚሰማው ሁሉ ተሰማው፤ ደረቱ ተነፋ፣ ጉልበቱ ቀለለ። ማታ ወለላ ብቻ ናት "አንተ ሰው፣ ፈተናው ሰኔ አይደል እንዴ?" ያለችው። "አስቀድሜ ነው ያስገባሁት" አላት። ሦስት ጊዜ አማተበችና ነገሩን ዳግመኛ አላነሳችውም።

ደባሱም በዚያው ሳምንት ትምህርቱን ተወ። ምን ያድርግ! እልልታው ተሰምቷል፣ ግንባሩ ተስሟል፤ የቀረው ጥናቱ ብቻ ነው። ጥናት ደግሞ ከነጭራሹ ያለ እልልታ ማን ይወዳል?

ከደባሱ ድንጋይ አምስት እርምጃ ርቀው እትዬ አመተ ሥላሴ ጧፍ ይሸጣሉ። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናቸው፤ ሰባተኛን እንደጨረሱ ነው የተዳሩት። ከገብርኤል በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ከነጠላቸው ሥር ደብተር መዘው ደባሱ ፊት ቆሙ።

"ተመዘገብኩ" አሉ።

"ምን ላይ?"

"ስምንተኛ ነዋ! መዝጋቢው ዓመቱ ተጋምሷል ቢለኝ የእኔስ ዕድሜ ተጋምሶ የለም ወይ አልኩት። ያንተን ስለት ሰምቼ ነው የተነሳሁ።"

ደባሱ ደብተሩን አየ፣ እሳቸውን አየ። እኔም ለሰው ምሳሌ ልሁን? አለ በሆዱ። እትዬ አመተ ሥላሴ ደብተራቸውን ገልጠው "በል አንተ ዘጠነኛ አይደለህ፣ ይህችን ክፍልፋይ አሳየኝ" አሉት። ደባሱ ክፍልፋዩን ቁልቁል አየው። ከላይ ቁጥር፣ ከታች ቁጥር፣ መሐሉ ላይ መስመር፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልታየው አለ።

"አሁን ጫማ በዝቶብኛል፤ ነገ ላሳይዎት።"

ፊቱ የነበረው ሁለት ጥንድ ጫማ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ትምህርት ቤት ሄደ። እትዬ አመተ ሥላሴ "ሀ" ክፍል ናቸው፣ እሱ "ለ" ክፍል፤ እሳቸው እስኪገቡ ድረስ የዐርባ አንድ ዓመቱ ጎልማሳ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ተሸጉጦ ጠበቀ። መምህርት ሰብሌ "ጋሽ ደባሱ! እኛ እኮ ተስፋ ቆርጠን ነበር" አለችው። "እኔም" አላት፣ "ግን ይህችን ክፍልፋይ በአስቸኳይ ንገሪኝ።" ነገረችው። ጠዋት ሰማይ ጠቀስ ኩራት ይዞ ለእትዬ አስረዳ። ማስረዳቱ በጎ ነበር፤ እትዬ ግን ገጹን ገለጥ አድርገው የሚቀጥለውን ይዘው መጡ።

በዚሁ ቀጠለ። ማታ ይማራል፣ ጠዋት ያስተምራል። ጥርን አለፈ፣ የካቲትን አለፈ፤ መጋቢት ላይ ብርድ መትቶት ሳለ እንኳ ጋቢ ተከናንቦ ሄደ። ደባሱ ግን ጽናት መጣልኝ ብሎ አልኮራም። ከጽናት ጋር አይተዋወቁም። የነዳው ፍርሃት ነው፤ ጠዋት ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ "አላውቀውም" ማለትን ነው የፈራው።

ሰኔ ደረሰ። በፈተናው ዕለት ወለላ ሸሚዙን አጥባ አጣጥፋ አስቀምጣለታለች። ደባሱ ለብሶ ወጣና ከመንገዱ ዳር ቁጭ አለ። ዛሬ ከሄደ እንዳላለፈ አገር ሁሉ ያውቃል፤ በገብርኤል ስም ዋሸ ይባላል። ባይሄድ ደግሞ ያለፈ ሰው ሆኖ ዕድሜ ልኩን ጫማ ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ ወደ ቤቱ ዞረ። በሦስተኛው ሄደ፤ እንዴት እንደሄደ አሁንም አያውቀውም።

ግቢው ውስጥ ስም ይጠራል። "አመተ ሥላሴ ይርጋ!" "አቤት!" አሉ እትዬ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰው። ጥቂት ስም አለፈና "ደባሱ ወንድይፍራው!" ተባለ።

"አቤት" አለ ደባሱ ከሰልፉ መጨረሻ።

እትዬ አመተ ሥላሴ ዞሩ። "አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ልፈተን ነው።"

"ምን?"

"ሚኒስትሪ። አላለፍኩም፣ እትዬ። ስለቱን አስቀድሜ ነው ያስገባሁት።"

ይረግሙኛል ብሎ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን ደረታቸውን ደቁ። "ወየው ጉዴ! እኔ እኮ ደባሱ ካለፈ ማን ይወድቃል ብዬ ነው የተመዘገብኩ!"

ሰልፉ በሳቅ አውካካ። ደባሱ ያን ጊዜ የገባው ገባው። በጽናቱ ቀንተው መስሎት ስድስት ወር ሲንቀባረር፣ ለካ እሳቸው "ይህም ሰው አልፎ!" ብለው ነው የደፈሩት። አመመው፤ እንደ ጫማዋ ቃል አመመው፤ ደግሞም ሳቁ አመለጠው፣ እውነታቸውን ነዋ!

እትዬ ግን አልሳቁም። ፊታቸው ዐመድ መስሎ ወደ በሩ መሄድ ጀመሩ። "ዕውር ዕውርን ቢመራው ሁለቱም ጉድጓድ ነው የሚገቡ። ጧፌን ልሽጥ።"

ደባሱ ሮጦ ነጠላቸውን ያዘ። "እትዬ፣ ያሳየሁዎትን ሁሉ ማታ ማታ መምህርት ሰብሌን እየጠየቅሁ ነው። ትክክል ነው ሁሉም። ጠዋት ይጠይቁኛል ብዬ እየፈራሁ ከጥር ወዲህ አንድ ማታ አልቀረሁም።"

"አንድ ማታ?"

"አንድ ማታ።"

"አንተ?"

"እኔ። እርስዎ ባይኖሩ ታኅሣሥ ላይ እንደተውኩት በቀረሁ ነበር። አሁን እርስዎ ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ፤ ያውቁኛል።"

እትዬ አመተ ሥላሴ ትክ ብለው አዩት። በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉና "ነጠላዬን ልቀቅ፣ ይረፍድብናል" ብለው ቀድመውት ገቡ።

ነሐሴ ላይ ውጤት ተለጠፈ። እትዬ አመተ ሥላሴ አልፈዋል። ደባሱ ክፍልፋዩን ሁሉ ሠርቶ በእንግሊዝኛ ወደቀ፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ፈረንጅ በሚያልፍበት ደጃፍ ተቀምጦ! አገሩም አልማረውም፤ "ቅድሚያ ከፋዩ መጣ" ይሉታል። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴም አስጠርተው "ጥላው አይመለስም" አሉት። "አይመለስ፣ የኔታ" አለ።

መስከረም ጠባ። እትዬ ዘጠነኛ ገቡ፤ ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቀው የለም፣ የሚያፋጥጠው የለም፣ እልልታም የለም። ደባሱ አመሻሹ ላይ በትምህርት ቤቱ በር አለፈ፣ ቆመ፣ ተመለሰ፣ ገባ። "ዘንድሮስ፣ ጋሽ ደባሱ?" አለው መዝጋቢው። "ዘንድሮማ..." ብሎ ጀመረና አፉን በእጁ ያዘ። ፈርሞ ወጣ። ለማንም አልተናገረም፤ ለገብርኤልም ቢሆን።

ቤት ሲደርስ ወለላ "የት አምሽተህ ነው?" አለችው።

"ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ።"

ባዶ እጁን አየች። "ነገም ሽንኩርት ልትገዛ ነው?" አለችው።

"እስከ ሰኔ" አለ ደባሱ።