የኤልዊን ወንበር

በዚያ ዓመት ከግንቦት ጀምሮ ዝናብ ጠፋ። በሰኔ የበቆሎው ቅጠል ተጠቀለለ፣ በሐምሌ ነጣ። በነሐሴ ገበሬው ፍሬ ያልያዘውን አገዳ እያጨደ ለከብት አበላ። የዴልማር ኮቫንዳ ጉድጓድ ውሃው ወደ ታች ሸሸ፤ ፓምፑ ናፍጣ ጠጥቶ አይጠግብም። ከላሞቹ ግማሹን በርካሽ ሸጠ። ሚስቱ አይሪን በታኅሣሥ ሞተች። ልጅ አልነበራቸውም።

ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ላሞቹ ተተኩ፤ ጉድጓዱም ውሃ ያዘ። ከዚያ ዓመት ጥፋት ዴልማር ያልተካው አንድ ወንበር ነበር።

እሱና ጎረቤቱ ኤልዊን ሽሮደር በዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ለሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው የአሜሪካ ፉትቦል አይተዋል። ሁለቱም ወንበሮች የተመዘገቡት በዴልማር ስም ነበር። በእነሱ ግዛት በነብራስካ የስታዲየም ወንበር እንደ ርስት ነው፤ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ ጠበቃ ይቆምበታል። በየመጋቢቱ ካልታደሰ ግን ለተረኛ ይሰጣል፤ ተረኛው ደግሞ ማለቂያ የለውም። ከድርቁ በኋላ በመጣው መጋቢት ኤልዊን ድርሻውን አምጥቶ ሰጠው። ዴልማር በገንዘቡ የናፍጣ ዕዳ የሚጠይቀውን ሰውዬ አፍ ዘጋበት። በሚቀጥለው ዓመት መልሼ አስመዘግባለሁ ብሎ ነበር፤ ወንበሮቹ ግን ለተረኛ ሄዱ። እዚያው ተወልዶ ያረጀ ሰው እንዲህ ማሰቡ እስከ ዛሬ ራሱን ይገርመዋል።

በመኸር ገንዘቡን ይዞ ሲሄድለት ኤልዊን አልተቀበለውም።

«እኔ ገንዘብ አልሰጠሁህም» አለው። «የሰጠሁህ ወንበር ነው። ወንበሬን አምጣ።»

አልተኳረፉም። ኤልዊን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ጨዋታውን በዴልማር ጋራዥ ውስጥ በሬዲዮ ያዳምጣል። ሲያልቅ ይነሣና፣ «ዛሬም ወንበሬ የለም» ብሎ ይሄዳል። ዴልማር ቤት የሰው ድምፅ የሚሰማው በሳምንት ያን አንድ ቀን ነበር።

ዘንድሮ በጥቅምት ኤልዊን ከዓይን ሐኪም ሲመለስ ጋራዡ በር ላይ ቆመ።

«የዓይኔ መሃል መሃሉ ሄዷል» አለ። «ዳር ዳሩ እስከ ገና ቢቆይ ነው አለኝ። አንተን የማይህ በጆሮህ በኩል ነው፤ እሱም አያምርም።»

ዴልማር ያን ሌሊት አልተኛም። በሜዳቸው የሚደረግ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶ ነበር። እሱም ከጎረቤት ግዛት ቡድን ጋር ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚጋፋበት። በስልክ የሚሸጠው ትኬት አንዱ ሁለት መቶ አርባ ዶላር ገብቷል። ዴልማር ከመብልና ከመድኃኒት አትርፎ በኪሱ የያዘው ዘጠና ነበር።

የጨዋታው ቅዳሜ ማለዳ ኤልዊንን በፒክአፑ ጭኖ ሄደ። ኤልዊንን ከስታዲየሙ በር ፊት ለፊት ካለ የድንጋይ አጥር ላይ አስቀምጦ፣ ጎመንና ሥጋ የታሸገበት ትኩስ ዳቦ ገዝቶ ሰጠው። ከዚያ መንገዱ ዳር ቆሞ ሁለት ጣቱን አነሣ።

የዚያ ቦታ ደንብ ይህ ነው። ትኬት ፈላጊ የሚፈልገውን ያህል ጣት አንሥቶ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ሻጩ ራሱ ይመጣል። ደሃ ጨዋታው እስኪጀመር ይታገሣል። ያን ጊዜ ዋጋው መውረድ ይጀምራል።

አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ ነጋዴ መጣ።

«ሁለት ናቸው አባባ? ጎን ለጎን። አራት መቶ።»

«ውድ ነው።»

«ስንት ይዘሃል?»

«ዘጠና።»

ነጋዴው ጣቶቹን አየለት። «በል እጅህን ኪስህ ክተት፤ ብርድ ይመታሃል» ብሎ አለፈ።

ሙዚቃው ተሰማ። ሕዝቡ በበሮቹ ገብቶ አለቀ። ከዚያ ሰማንያ ሺህ ሰው አንድ ላይ ጮኸ፤ የመጀመሪያው ኳስ ተመትቷል ማለት ነው። ኤልዊን ካለበት ሆኖ አንገቱን ወደ ድምፁ መለሰ።

ነጋዴው ተመልሶ መጣ። «ሁለቱንም በመቶ ስልሳ ውሰዳቸው። ከዚህ በታች እናቴም ብትመጣ አልሸጥላትም።»

«ዘጠና ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው በሬዲዮ ስማው።»

 ዴልማር ጎን ለጎን መቀመጥ እንደማይሆን ገባው። አንዱን ጣቱን አጠፈ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ቁና ቁና እየተነፈሰ በመንገዱ መጣ። ጌለን እባላለሁ አለ።

«አንድ ነው የምትፈልገው? አማቼ ትናንት በካርታ ጨዋታ ተጣላኝና ቀረ። ሚስቴ ትኬቱን ሳትሸጥ ከመጣህ እሱኑ ብላው ብላኛለች። ሰማንያ።»

«ወንበሩ ታች ነው?»

«ከሜዳው አሥራ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከእኔ ጎን። ተጫዋቾቹ ሲተፉ ይታይሃል።»

ዴልማር ገንዘቡን ሰጠው፤ ትኬቱን ይዞም ጌለንን አስከትሎ ወደ ኤልዊን ሄደ። «ይኸው» አለው።

ኤልዊን ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ጎን አስጠግቶ አየው። «አንድ ነው።»

«አንድ ነው።»

«አንተስ?»

«ሬዲዮ አለኝ።»

 ኤልዊን ፊቱን ወደ ጌለን መለሰ። «ዓይኔ አያይም፤ ደረጃ ላይ እወድቅብሃለሁ።»

«እኔም ጉልበቴ የለም» አለ ጌለን። «ተደጋግፈን እንወድቃለና።»

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ገቡ።

ዴልማር ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጦ ሬዲዮውን ከፈተ። ሬዲዮው ከሜዳው ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል። መጀመሪያ ጩኸቱ በመስኮቱ ይመጣል፤ ምክንያቱን ሬዲዮው ኋላ ይነግረዋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲያ ሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ ጩኸት ሳይሰማ ቀረና ሬዲዮው የሜዳው ቡድን ኳስ ከእጁ እንደጣለ ነገረው። ከተረፈው አሥር ዶላር ቡና ሊገዛ አሰበና ተወው።

ኤልዊን ከጌለን ጋር እየሳቀ ወጣ። ጉንጩ በብርድ ቀልቷል። መኪናው የዘጠና ማይሉን መንገድ እስኪጨርስ እሱ አላረፈም። የሣሩን መልክ፣ የመለከቱን ድምፅ፣ ዳኛውን ጌለን ምን ብሎ እንደሰደበው ሁሉ አወራ። ዴልማር የሰማውን ጨዋታ እንዳልሰማ ሆኖ አዳመጠ።

«አማቹ ከእንግዲህ አይመጣም» አለ ኤልዊን ወደ ሰፈራቸው ሲታጠፉ። «ጌለን ወንበሩን በመጪው ዓመት አንተ ተቀመጥበት አለኝ። ለካ ቤቱ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይወስደኛል።»

«ዓይንህስ?»

«እያየ ይነግረኛል። እንደሱ የሚያወራ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ዴልማር መንገዱን እያየ ነዳ። «ደግ ሰው ነው» አለ።

ኤልዊን ቤት ደረሱ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ኤልዊን የበሩን እጀታ በዳበሳ አግኝቶ ከፈተ፤ አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«አሥራ አንድ ዓመት ጠየቅሁህ» አለ። «ዛሬ ወንበሬን አምጥተሃል። ከእንግዲህ ምንም የለብህም፣ ዴልማር።»

«እሺ» አለ ዴልማር።

ኤልዊን ወርዶ በሩን ዘጋ።