የ«ብረት ወንዝ» ስድስተኛ ክፍል ሲገመገም

ጭሮ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የእትዬ ዘርፈሽዋል ፕሌስቴሽን ቤት ሁለት ቴሌቪዥን ነበረው። አንዱ የኳስ ነው፤ ሌላው የታሪክ። በኳሱ ፊት የሚቀመጥ ሰው ጆይስቲክ ለመያዝ ይከፍላል። በታሪኩ ፊት የሚቀመጠው ግን ምንም ሳይነካ፣ ለማየትና ለመስማት ብቻ ይከፍላል። ሌላ ከተማ ላይ ይህን ብትናገር ይስቁብሃል። ጌም ለመስማት ይከፈላል እንዴ? ጭሮ ይከፈል ነበር፣ ሮባ ስለነበረ።

ሮባ እሑድ እሑድ በቸርች የእንግዳ ሰባኪዎች አስተርጓሚ ነው። ሰባኪው ሲጮኽ ይጮኻል፣ ሲያለቅስ ያለቅሳል፤ እጁን ወደ ሰማይ የሚያነሣው ከሰባኪው ቀድሞ ነው የሚሉ ምቀኞችም አሉ። በሳምንቱ መሀል ደግሞ ይህንኑ ጸጋ ለ«ብረት ወንዝ» ያውለዋል። ጆይስቲኩን የሚይዘው ባጃጅ ነጂው ታጁዲን ነው፤ ሮባ ከጎኑ ቆሞ ይተረጉማል። ታጁዲን እጅ፣ ሮባ አፍ።

«ብረት ወንዝ» በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ክፍል የሚወጣለት ጌም ነው። በመጀመሪያው ክፍል ዳሪክ የሚባል ጀልባ ቀዛፊ፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ምስኪን ሰው፣ ሕዝቡን ከጨካኝ ንጉሥ አስመልጦ በሌሊት ወንዝ ያሻግራል። ሮባ ያን ክፍል ሲተረጉም ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ሰምቷል። ንጉሡ የወደቀ ዕለት ታጁዲን «ዛሬ ሥራ የለም» ብሎ ባጃጁን አቁሞ፣ በነፃ ሰው እየጫነ ከተማውን ሲዞር ዋለ። እንዴት ሥራ የለም እንዳለና እንዴት ሲሠራ እንደዋለ እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም።

ከሁሉ የባሰችው አድማጭ ግን ጣሂራ ነበረች። ጣሂራ በሩ ላይ፣ ከመጋረጃው ውጭ፣ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ዘይቱን ትታ መግባት ስለማትችል ዳሪክን አንድም ቀን አይታው አታውቅም። የምታውቀው በሮባ ድምፅ ብቻ ነው።

«ሮባ፣ ይሄ ዳሪክ ረዥም ነው አጭር?» አለችው አንድ ቀን በመጋረጃው።

«ልክ ባልሽን ነው የሚያክለው።»

«እንዲያ ከሆነማ ምኑን ጀግና ሆነ!»

ታሪኩ የጦፈ ቀን ጣሂራ እጇ ላይ ያለውን ትረሳለች፤ ሳምቡሳው ያርራል። ደንበኞቹ የጠቆረ ሳምቡሳ ሲያዩ አይቆጡም። «ዛሬ ምን ሆነ? ዳሪክ ተያዘ እንዴ?» ይላሉ።

ስድስተኛው ክፍል ጭሮ የገባው በ2009 ዓ.ም.፣ ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጋር ነው፤ በአንድ ባጃጅ የመጡ ይመስል። በዚህ ክፍል ዳሪክ የለም። ፊቱን በብረት ጭንብል የሸፈነ «ሰብሳቢው» የሚባል ሰው አገሩን ይገዛል። ሰፈር ያቃጥላል፣ ሰው ያሳፍሳል፣ ማታ ማታ ንግግር ያደርጋል። አዲሶቹ ልጆች ደግሞ ይታገሉታል።

በተጀመረ በሦስተኛው ቀን አቶ ኃይለሚካኤል መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ኃይለሚካኤል ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ የአንድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነው። የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ይቅርብን።

«ምንድን ነው የምትተረጉመው?» አለ።

«ጌም ነው፣ ጋሼ።»

«ውስጡስ ምን አለ?»

«ሰብሳቢው የሚባል አለ፤ ሕዝቡ ደግሞ … ከሰብሳቢው ጋር ትንሽ አልተግባባም።»

ኃይለሚካኤል አግዳሚዎቹን አየ፣ የተቀመጡትን አየ፣ ጣራውን ሳይቀር አየ። «ተርጉም፤ ማን ከለከለህ? ብቻ ሚዛናዊ ይሁን» ብሎ ወጣ።

ሮባ ጌም እንዴት ሚዛናዊ እንደሚሆን አያውቅም። «ማን ከለከለህ?» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን በሚገባ ያውቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚዛናዊ ሆነ። ስክሪኑ ላይ ሰፈር ሲቃጠል፣ «ይሄ የመልሶ ማልማት ሥራ ነው» ይላል። ወታደሮች ወጣቶችን መኪና ላይ ሲወረውሩ፣ «ወደ ሥልጠና እየሄዱ ነው፤ ትራንስፖርት ተችሏል» ይላል። አንዷ ልጅ የሚነድ ጠርሙስ በሰብሳቢው መኪና ላይ ስትጥልማ ላብ አጠመቀው። «ቅሬታዋን … በተገቢው መዋቅር በኩል እያቀረበች ነው» አለ። ታጁዲን ጆይስቲኩን እንደያዘ ዞሮ አየውና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

ሮባ ከዚህም የከበደ ነገር ይዞ ነበር። እዚያ ቤት እንግሊዝኛ በቅጡ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። መሀል ላይ ሰብሳቢው ብቻውን ቆሞ ወንዙን እያየ፣ «ያን ሌሊት ውኃው እንዴት ይቀዘቅዝ ነበር!» ሲል ሰማ። ያን ሌሊት ያ ውኃ ውስጥ ማን እንደነበረ ሮባ ያውቃል፤ ለከተማው የተረከው ራሱ ነው። ጭንብሉ ሥር ያለው ዳሪክ ነው! ሮባ ግን፣ «የአየሩ ጠባይ ቀዝቀዝ ያለ ነው ይላል» ብሎ ተረጎመ። ጭንብሉ መጨረሻ ላይ እንደሚወልቅ ስለገባው፣ ለዚያ ቀን የሚሆን ነገር አስቀድሞ አዘጋጀ፤ «መንትያ ወንድሙ ነው» ሊል።

ሰው መሸሽ ጀመረ። አንድ አግዳሚ ባዶ ሆነ፤ ቀጥሎ ሌላው። «እነዚህ የጌሙ ሠሪዎች ጠገቡ» ይባል ጀመር ጫት ተራ ላይ። «ድሮ ታሪክ ነበረው፤ አሁን ስብሰባ ብቻ ሆነ።» «ዳሪክን ምን አደረጉት? ጡረታ አወጡት?» የኳሱ ቴሌቪዥን ፊት መቆሚያ ጠፋ።

እትዬ ዘርፈሽዋል ሮባን ጠርታ አስቀመጠችው። «ልጄ፣ እኔ ምቀኛ አይደለሁም። የፊታችን ሳምንትም እንዲሁ ከሆነ ያኛውንም ቲቪ ኳስ አደርገዋለሁ። ኳስ አስተርጓሚ አይፈልግም።»

ሮባ ያን ሳምንት ምግብ አልበላለት አለ። የታሪኩ ቲቪ ከሄደ የሚቀረው የእሑዱ ብቻ ነው፤ እሑድ ደግሞ ሰው የሚመጣው ለእግዚአብሔር እንጂ ለሮባ አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታጁዲን ዘጠኝ የሚሆኑ የድሮ ደንበኞችን ሰብስቦ መጣ። «ስድስተኛው ክፍል መገምገም አለበት» አለ።

አገሩ ነዋ! መምህሩም፣ ነርሷም፣ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛም ግምገማ ሳይቀመጥ ከርሞ አያውቅም፤ ያልተቀመጠም ሲወራ ሰምቶ ሥርዓቱን ያውቀዋል። የዚያ ሰሞን ደግሞ ሁሉም መሥሪያ ቤት በጥልቀት እየታደሰ ነበር። አንድ ጌም በጥልቀት የማይታደስበት ምክንያት የለም። አግዳሚዎቹን ፊት ለፊት አዞሩና ጀመሩ።

በላይነህ የሚባል የአንደኛ ደረጃ መምህር ራሱን በመገምገም ከፈተ። «እኔ በበኩሌ ታሪኩ ሲዳከም ታግዬ ማስተካከል ሲገባኝ ወደ ኳስ ኮብልያለሁ። ይሄ የአድርባይነት ችግር ነው።»

«ግለ ሂሱ ጥልቀት ይጎድለዋል» አለ ሌላው። «ተሸንፈህ ሳምቡሳ መጋበዝህንም ጨምር!»

ታጁዲን ተነሣ። «ዋናው ችግር የአመራር ነው! መጀመሪያ ከሕዝብ ጋር ወንዝ ገብቶ የረጠበ አመራር ነበር። አሁን ያለው ከሕዝቡ ተነጥሏል! ሕዝቡ ተሰላችቷል፣ ታክቶታል …»

መጋረጃው ተገለጠ። ኃይለሚካኤል ነው።

የኳሱ ተጫዋቾች ሳይቀሩ ጨዋታቸውን አቆሙ። አንዱ ግብ ጠባቂ ስክሪኑ ላይ በአየር እንደተንሳፈፈ ቀረ።

«ማነው የታከተው?» አለ ኃይለሚካኤል።

«የጌሙ ሕዝብ ነው፣ ጋሼ» አለ ታጁዲን። «አንተ … ይቅርታ፣ እርስዎ ከጠረጠሩ ይመልከቱ፤ ጌሙን እየገመገምን ነው።»

«ግምገማ?» ኃይለሚካኤል አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ አየ። ሮባ ያን ጊዜ ሁሉም አበቃ ብሎ ነበር። ሰውየው ግን ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሽሮ በሹካ የሚበላ ሰው ያየ ዓይነት ቅሬታ እንጂ። «ያለ ሰብሳቢ ነው ግምገማ የምታካሂዱት? አጀንዳ ሳይጸድቅ?»

ወንበር ስቦ መሀል ተቀመጠ። ለስንት ዓመት የሠራበት ሙያ ነው፤ ሲበላሽ ቆሞ ማየት አልቻለም። አጀንዳ አስጸደቀ፣ እጅ አስወጣ፣ ሰዓት ገደበ። ነገሩ በአንድ ጊዜ መልክ ያዘ፤ መልክ ሲይዝ ግን አንድ ችግር መጣ።

«ግምገማ ባለቤት ይፈልጋል» አለ ኃይለሚካኤል። «ጥፋቱ የማነው?»

«የሠሪዎቹ!» አለ ታጁዲን ቸኩሎ። «ደራሲዎቹ ፈርተዋል። ሰው ሲፈራ ተረት አይሆንለትም። አይፈረድባቸውም፤ ልጆች ይኖሯቸዋል፣ ኑሮ አለባቸው።» ይህን ሲል ሠሪዎቹ ወዳሉበት አገር አላየም። ሮባን ነው ያየው፤ አይቶም ዓይኑን ቶሎ መለሰ።

ሮባ ጆሮው ጋለ። ለካ ያውቃሉ! እሳቱን በዓይናቸው እያዩ «መልሶ ማልማት» ሲላቸው ዝም ያሉት ስላመኑት አልነበረም። ጭሮ ሙሉ ሠሪዎቹን የሚያማው እሱን ላለማዋረድ ኖሯል።

«ሠሪዎቹ አይደሉም!» የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ መጣ። ጣሂራ መጥበሻ ማንኪያዋን እንደያዘች፣ አንድ እግሯን ብቻ አስገብታ ቆመች። «ወላሂ ሠሪዎቹን አላውቃቸውም። እኔ የማውቀው ሮባን ነው። ድሮ ሲተረጉም ስንት ሳምቡሳ አሳርሬበታለሁ፤ ሐላል አልኩለት። ይሄ ስድስተኛው ከመጣ ወዲህ አንድ እንኳ አላረረብኝም። እናንተ ዓይን አላችሁ፣ ስክሪን አላችሁ። እኔ ያለኝ የሱ አፍ ነው።» ይህን ብላ ወደ ዘይቷ ተመለሰች።

ግምገማው ባለቤት አገኘ።

ኃይለሚካኤል ሮባን ትኩር ብሎ አየው። ሮባ አንድ ነገር ቢናገር ደስ ባለው ነበር፤ ያ ነገር ግን «እርስዎ ነዎት ሚዛናዊ ይሁን ያሉኝ» የሚል ስለሆነ ዋጠው። ኃይለሚካኤልም ያንኑ ያስታወሰ ይመስላል፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያልተጠናቀቀ ሥራ አይገመገምም» አለ። «መጨረሻው አልታየም አይደል? ይታይና እንወስናለን።»

ታጁዲን ጆይስቲኩን አነሣ። አግዳሚዎቹ ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ሮባ ቦታው ላይ ቆመ፤ «መንትያ ወንድሙ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ታጁዲን ጠባቂዎቹን አለፈ፣ ደረጃውን ወጣ። የሰብሳቢው አዳራሽ ተከፈተ። ጠርሙስ የወረወረችው ልጅ ሰብሳቢው ፊት ደረሰች። ሰብሳቢው አልሸሸም። ሁለት እጁን አንሥቶ የብረት ጭንብሉን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ፀጉሩ ሸብቷል፣ ጉንጩ ሞልቷል። ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ግን ያችው ነች።

ከሁሉ ቀድሞ የተናገረው ኃይለሚካኤል ነው። «ቆይ! ይሄ … እኔ ግቢ እያለሁ ነው አንደኛውን ክፍል የጨረስኩት፣ ከዶርም ልጆች ጋር። ያ ጀልባ ቀዛፊው አይደለም እንዴ? ዳሪክ አይደለም?»

ሁሉም ሮባን አየ። ከውጭ ዘይቱ ሲንጫጫ ይሰማል።

እሑድ እሑድ ቸርች ውስጥ፣ ሰባኪው የከበደ ነገር ሲናገር፣ አስተርጓሚ እንዲያለዝበው አይፈቀድለትም። የተባለውን ይላል፤ ፍርዱ የሰሚው ነው። ሮባ ይህን ለወጣት አስተርጓሚዎች ራሱ አስተምሯል። መንትያውን ዋጠው።

«ነው» አለ። «ዳሪክ ነው።»

ስክሪኑ ላይ ዳሪክ መናገር ጀመረ። ሮባም ጀመረ፣ በዚያ በድሮው ድምፁ፣ ዝግ ብሎ፣ አንገቱን እንደ ዳሪክ ሰበር አድርጎ፦

«ያሻገርኳችሁ እኔ ነኝ። ያን ሌሊት ውኃው አጥንት ይሰብር ነበር፤ እናንተ አላያችሁትም፣ ገና አልተወለዳችሁም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ዕዳ አለባችሁ። ዕዳችሁን እስክትጨርሱ ድረስ ከዚህ ወንበር አልነሣም። ስንት እንደሚቀራችሁም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

ታጁዲን ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አኖረ። የኳሱ ሰዎች አንድ አንድ እያሉ ከጀርባ መጥተው ቆሙ። እትዬ ዘርፈሽዋል ሂሳብ መቀበሏን ተወች። የኃይለሚካኤል ስልክ ጮኸ። አውጥቶ ማን እንደደወለ አየ፤ ፊቱ ትንሽ ተለዋወጠ፤ ድምፁን ዘግቶ ኪሱ ከተተው።

«ልጅቷ ምን መለሰችለት?» አለ፤ ቁጥብ ድምፅ ነው፣ የሰብሳቢነት አልነበረም።

ሮባ ሊመልስ አፉን ሲከፍት አንድ ሽታ በመጋረጃው ሥር ገባ። ሁሉም አፍንጫ አወቀው።

«ጣሂራ! አረረ እኮ!» ብሎ ጮኸ ታጁዲን።

«ይረር!» አለች ከውጭ። «ዝም በሉና አስተርጉሙት! ማል ጄቴ? ልጅቷ ምን አለችው?»