ያልተረገጠው ቄጠማ

መቅዲ ሞያሌ ውስጥ የአበባ ሥራ ትምህርት ቤት እከፍታለሁ ብላ ከናይሮቢ የተመለሰች ዕለት አባቷ አቶ ወልደ ሥላሴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ክፉ ሰው አይደሉም። በዚህች የድንበር ከተማ ሆቴል ከፍተው ልጆች ያሳደጉ፣ ሰው ከአልጋና ከምግብ ሌላ ለምን ገንዘብ እንደሚያወጣ የማይገባቸው ነጋዴ ናቸው።

"አበባ ለማን ነው? ለፍየል?" አሏት።

መቅዲን ግን ሳቅ አይመልሳትም። ናይሮቢ ሰባት ዓመት ቆይታለች፤ መጀመሪያ የአበባ ሱቅ ወለል እየጠረገች፣ ቀጥሎ የጽጌረዳ እሾህ እየላጠች፣ በመጨረሻም የሙሽራ እቅፍ አበባ እየሠራችና አዲስ ገቢዎችን እያስተማረች። ስትሰናበት አሠሪዋ "ሞያሌ ከድንጋይ ሌላ ምን ይበቅላል?" ብላት ነበር። ይህች ቃል አንጀቷን አቃጥላታለች። እውነቱን ለመናገር፣ ትምህርት ቤቱን የከፈተችው ግማሹን ለፍቅር፣ ግማሹን ለእልህ ነው።

አባቷ እየሳቁም ቢሆን ከሆቴሉ ጓሮ አንድ ክፍል ሰጧት። ስድስት ወር አለፈ፤ የተመዘገበችው አንዲት ተማሪ ብቻ ነበረች። እሷም ሀዋኦ ናት፤ ሄሉ ሰፈር ወተት ስትሸጥ ኖራ፣ በዚያ በ2009ኙ ድርቅ ላሞቹ ሲያልቁ ባዶ እጇን የቀረች የቦረና ሴት። አቶ ወልደ ሥላሴ በበሩ ባለፉ ቁጥር "አስተማሪ አንድ፣ ተማሪ አንድ! ደወሉን ማን ይደውል?" ይላሉ። በመጨረሻ ቀልዱ ሰለቻቸውና ቁርጡን ነገሯት።

"ቅዳሜ እዚሁ ግቢያችን የኪሩ ሠርግ ነው። አገሩ ሁሉ ሥራሽን ያያል። ከዚያ በኋላ ተማሪ ካልመጣ፣ ሰኞ ክፍሉ ውስጥ አራት አልጋ አስገባለሁ።"

ኪሩ የደገኛ ነጋዴ ልጅ ነው። የሚያገባት ፌይዝ ደግሞ የሽማግሌው የጎሊቻ የልጅ ልጅ ናት፤ ቦረና ናት። መቅዲ ጽጌረዳውን ከናይሮቢ አዘዘች። የጫነው አውቶቡስ ግን ከማርሳቢት ወዲህ ተበላሽቶ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ቆመ። ዓርብ ጠዋት ካርቶኑን ስትከፍተው አበባው ጠቁሮ የሻይ ቅጠል መስሏል። ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይህ ነው።

"ከሱቅ ፕላስቲክ አበባ ገዝተሽ ገላግይን" አሉ አባቷ።

"ፕላስቲክ የሰቀልኩ ቀን እጄን ቁረጠው!" አለች መቅዲ። ካርቶኑን ዘግታ ስትዞር ሀዋኦ ቆማ ታያታለች።

"ቲቸር፣ ፍየል የማይነካው አበባ አለ እኮ።"

በጎዶማ በኩል ወዳለው ድንጋያማ ሜዳ ሄዱ። ሣር የሚባል ነገር የለም፤ መሬቱ ተላጭቷል። በድንጋዩ መሃል ግን ግንደ ወፍራሙ የበረሃ ቁጥቋጦ አንድ ቅጠል ሳይኖረው ሮዝ አበባውን ተሸክሞ ቆሟል። መቅዲ ልጅ ሆና ሺህ ጊዜ አይታዋለች፤ አበባ ብላ ግን ቆጥራው አታውቅም። ስድስት ወር ሙሉ ሀዋኦን የፈረንጅ አበባ ስም ስታስጠናት መክረሟ ትዝ አላትና አፈረች። ሁለቱም ጓንት አጠለቁ፤ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ መርዝ ነው። የቆረጡትን ጫፍ በእሳት እየለበለቡ ፈሳሹን አቆሙት። ቅርንጫፉ ውኃውን በሆዱ የያዘ ስለሆነ ባልዲ አያስፈልገውም። ቅዳሜ ጠዋት የሙሽሮቹ መቀመጫ በዚያ አበባ ተከቦ ሲታይ፣ ለመሳቅ የመጡት እንኳ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

እዚህ ላይ ብታቆም ምናለበት! የሙሽራው እናት "ቄጠማ የሌለበት ምን ሠርግ ነው?" ብለው ከድንበር ማዶ በጭነት መኪና አስመጥተው ነበር። መቅዲ ራሷ፣ በእጇ፣ ከበሩ እስከ ሙሽሮቹ መቀመጫ ድረስ እርጥቡን ቄጠማ ወፍራም አድርጋ ጎዘጎዘችው። ሀዋኦ አይታ አንገቷን ደፋች። መቅዲም ምነው ብላ አልጠየቀቻትም።

ሽማግሌው ጎሊቻ ዘመድ አዝማዳቸውን አስከትለው መጡና በሩ ላይ ቆሙ። በትራቸውን ተደግፈው ወደ መሬት አዩ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ቄጠማ ነው፣ አባባ ጎሊቻ። ለክብርዎ ነው" አለች መቅዲ።

"አርባ ላም ነበረኝ" አሉ ጎሊቻ። "አርባውም ይህን አጥተው ሞቱ። እኔ አሁን በእግሬ ልርገጠው?"

ከኋላቸው የመጡት ሁሉ ቆሙ፤ አንድም ሰው እግሩን አላነሳም። ከሙሽራው ወገን አጉረመረሙ፤ የኪሩ አጎት ስዩም "የአባቶቻችን ወግ ነው! ምን ነውር አለው?" አለ። አቶ ወልደ ሥላሴ ልጃቸውን በክንዷ ያዙ።

"አዋረድሽን። ጓዳ ግቢና አትታዪ።"

መቅዲ አልገባችም። ጆሮዋ እስኪግል አፍራለች፤ መሸሽ ግን የእሷ ነገር አይደለም። ወደ ሀዋኦ ዞረች።

"ስጎዘጉዘው አይተሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"አስተማሪዋ አንቺ ነሻ።"

ይህ ከጎሊቻ ቃል ይልቅ አመማት። "እሺ፣ አሁን አንቺ አስተምሪኝ። እናንተ ዘንድ ሳር ምን ይደረጋል?"

"በእጅ ይያዛል። ሰላምና ምርቃት በሳር ነው።"

መቅዲ ለሠርጉ የለበሰችውን ቀሚስ ሰብስባ ተንበረከከችና ቄጠማውን ማንሳት ጀመረች። ስዩም "ተይው! ወጋችንን ልታነሺብን ነው?" ብሎ ጮኸ። ቀና ብላ አየችው።

"አልተውም! የጎዘጎዝኩትም እኔ ነኝ፣ የማነሳውም እኔ ነኝ።"

ሀዋኦ አጠገቧ ተንበረከከች። እፍኝ እፍኝ እያደረጉ ሸንሽነው አሰሩት። ሪባን አላሰሩበትም፤ ከሠርጉ በኋላ ከድርቁ የተረፈች ጥጃ ትበላዋለችና በራሱ በሳሩ አሰሩት። መርዛማውን አበባም አላስጠጉበትም። መጀመሪያ ለጎሊቻ፣ ቀጥሎ ለእንግዳው ሁሉ አንድ አንድ እፍኝ አደሉ፤ ለስዩምም ሰጡት። ጎሊቻ ሳሩን አሸተቱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ በባዶው መሬት ላይ ተራምደው ሙሽሮቹ ዘንድ ደረሱና፣ ሳሩን ከፍ አድርገው "ናጋ፣ ናጋ" እያሉ ሰላምን መረቁላቸው።

ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ ዘፈነ፣ ሄደ። ሰኞ ማንም ለመመዝገብ አልመጣም። አራቱ አልጋዎች ግን በሰዓታቸው መጡ።

"ቃል ቃል ነው" አሉ አቶ ወልደ ሥላሴ፣ ፊቷን ማየት እያቃታቸው። "ልጄ፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብሽ።"

መቅዲ አልለመነችም። ለሚመጡት ተማሪዎች ብላ የገዛቻቸውን አሥራ ሁለት የአበባ ባልዲዎች ከሀዋኦ ጋር እየደራረበች ወደ መንገድ አወጣች። በሩ ላይ ጎሊቻ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

"በረቴ ባዶ ነው" አሉ። "ጠዋት ጠዋት ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው። ማየት አልቻልኩም። የእሾህ አጥሩ ደህና ነው፤ ፍየል አያስገባም። ግቡበት።"

አባቷ ይህን ሰምተው ደነገጡ። "ከሆቴል ወጥተሽ ከብት በረት ልትገቢ? ሰው እኮ ይስቅብናል!"

"ይሳቅ!" አለች መቅዲ። ባልዲዎቹን ተሸክማ ሄደች።

በረቱ ውስጥ ባልዲዎቹን በመደዳ ደረደሩ። ጎሊቻ ገቡ፤ ድርቁ ካለፈ ወዲህ በረቱን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። ባልዲዎቹን ለረጅም ጊዜ አዩ።

"የማን የማን ናቸው?"

"ገና ባለቤት የላቸውም" አለች መቅዲ።

ሽማግሌው የመጀመሪያውን በበትራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። "ይህ የላሜ የዳለቻ ቦታ ነበር" አሉ። ሁለተኛውን ነኩ። "ዲማ።" ሦስተኛውን ነኩ። "ቦራ። እሷ ከሁሉም በኋላ ነው የሞተችው።" መቅዲ ጠመኔ አውጥታ እያንዳንዱን ስም በየባልዲው ላይ ጻፈች። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ባልዲ አለቀ። ጎሊቻ በትራቸውን ባዶው መሬት ላይ እንዳሳረፉ ቀሩ።

"ሌሎቹስ?" አለች መቅዲ።

"ሃያ ስምንት ይቀራሉ።"

"ስማቸውን አይርሱብኝ። አርባ ተማሪ ሳይሞላ ከዚህ በረት አልወጣም።"

ሀዋኦ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ባልዲ አነሳች።

"ዳለቻ የኔ ናት" አለች።