ዘጠነኛው ቁራጭ

ዳባት ውስጥ ለሞተ ሰው የሕይወት ታሪክ የሚጽፉት ጡረተኛው መምህር እንዳለው ናቸው። ዝም ብለው ግን ብዕር አያነሡም። መጀመሪያ ሐዘንተኛውን አስቀምጠው ይጠይቃሉ። የሰሙትን እያንዳንዱን ነገር ለየብቻው በቁራጭ ወረቀት ያሰፍራሉ። ከዚያ ቁራጮቹን ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ፤ አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ እያሉ ነገሩ መልክ ሲይዝላቸው ነው የሚጽፉት።

ዛሬ የሚጻፍላት የገዛ ልጃቸው ስጦታ ናት። ትናንት የተሳፈረችበት ሚኒባስ ሊማሊሞ ላይ ገደል ገባ። ቀብሩ ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው። የእድሩ ሰዎች «ዛሬስ ሌላ ሰው ይጻፍ» ቢሏቸው፣ «ልጄን ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል!» ብለው ተቆጡ።

ቁራጮቹ ግን ከአምስት አላለፉም። ልደት፣ ክርስትና፣ ትምህርት፣ ዛሪማ ላይ መምህርነት፣ ሞት። ስድስት ዓመት ዛሪማ ስትኖር ምን እንደሚያስቃት እንኳ አያውቁም። አፈሩ። ከደባርቅ ለለቅሶ የመጣችውን ጓደኛዋን ሐመልማልን ወደ ጓዳ አስጠሯት። የሦስት ዓመት ልጅ አዝላ ገባች።

እየጠየቁ ጻፉ። በደመወዟ ለተማሪዎቿ ደብተር ትገዛ ነበር። በክረምት ልጆቹ እስኪሻገሩ ወንዙ ዳር ቆማ ትጠብቅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደባርቅ ሐመልማል ቤት ታድር ነበር። ስምንት ቁራጭ ሞላ።

«ደባርቅ ድረስ ከመጣች ዳባት ምን ያህል ይርቃል? ለምን እኔ ዘንድ አልመጣችም?»

ሐመልማል ልጅቱን ከጀርባዋ አወረደች። «ጋሼ፣ ዓለምዬ ትባላለች። የስጦታ ልጅ ናት። አባቷ ጥሏቸው ሄደ። እርስዎ ደግሞ ድሮ ‹ያለ ወግ ወልደሽ ደጄን እንዳትረግጪ› ብለዋት ነበር አሉ።»

ብለዋል። የጎረቤት ልጅ ስትታማ ነበር ያሉት፤ ስጦታ ግን ለራሷ ይዛው ኖራለች። የልጅቱ ግንባር ቁርጥ የስጦታን ነው። ዘጠነኛውን ቁራጭ ጻፉ፤ «ዓለምዬን ወለደች።»

ከትምህርቱ ቀጥሎ አኖሩት። አልሆነም። ከመምህርነቱ ጋር አስጠጉት። የትም ቢያስገቡት ክርስትናው ቁራጭ ላይ ያሰፈሩት «በአባቷ ቤት በሥርዓት አደገች» የሚለው አልያዝ አለ። ድንኳኑ ውስጥ ካህናቱና ያስተማሯቸው ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ምን ይሉ ይሆን? ዘጠነኛውን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት። የቀሩት ወዲያው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። እግዜር ይቅር ይበላቸውና ቀለል አላቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመው አነበቡ። «…ትዳር ሳትይዝ፣ ልጅ ሳትወልድ፣ በተወለደች በሃያ ስምንት ዓመቷ…» ድምፃቸው ንቅንቅ አላለም። ሰው ተላቀሰ። አንድ ሽማግሌ «አይ አጻጻፍ! እንዴት አድርጎ ሰደረው!» አሉ።

ከቀብር መልስ ሐመልማልን አስፋልቱ ዳር ደረሱባት። ልጅቱን አዝላ የደባርቅ መኪና ትጠብቃለች።

«ልጄ፣ ትንሽ ታገሺኝ። አርባው ይውጣና ቀስ ብለን…»

«ጋሼ፣ የመጣሁት ለመቅበር ብቻ አይደለም። ይቺ ልጅ አድጋ ‹ዘመድ የለኝም ወይ?› ስትለኝ የምመልስላትን ይዤ ልሄድ ነበር።» መኪናው አጠገባቸው ቆመ። «መልሱን በሰው ሁሉ ፊት ነገሩኝ እኮ።»