የታሰረችው መኪና

«እትዬ፣ ይቺን አንካሳ መኪና ለአሮጌ ብረት ገዢ ስጪያትና ተገላገይ!» አለች የነርሷ ታናሽ እህት፣ የለቀስተኞቹን ብርጭቆ እየሰበሰበች። «ባልሽ እንደሆነ የአገሩን መኪና ሲጠግን ኖሮ የአንቺን እንዲሁ ጥሏት ሄደ።»

ነርሷ በመስኮት መኪናዋን አየቻት። እውነት ነዋ! ከትናንት ወዲያ የተቀበረው ባሏ የአሮጌ መኪኖችን ኮምፒውተር በማስተካከል የታወቀ ነበር። ሌላው ጋራዥ ተስፋ የቆረጠበት ሞተር እሱ እጅ ከገባ እንደ ጥጃ ይቦርቃል። የእሷ መኪና ግን ዳገት ባየች ቁጥር ታቃስታለች። «የሰውን ታስሮጣለህ፣ የእኔን ታስነክሳለህ» ስትለው፣ «ነገ አየዋለሁ» ይላት ነበር። ነገው ሳይመጣ ልቡ ቀጥ አለ። ከሞቱ እኩል ያንገበገባትም ይኸው ነው፤ ለሁሉም ጊዜ ነበረው፣ ለእሷ ግን አልነበረውም።

ጥግ ላይ የተቀመጠው የሥራ ባልደረባው ጉሮሮውን ጠረገ። ከቅጥነቱ የተነሳ «ሽቦ» ነው የሚሉት።

«መኪናዋ እኮ ምንም አልሆነችም።»

«እንዴት?»

«እሱ ነው ያሰራት። እንዳትፈጥን ኮምፒውተሯን ከፍቶ ሞተሩ ከልኩ በላይ እንዳይዞር አደረገው። ‹ትንፍሽ ብትል ምላስህን እበይደዋለሁ› ብሎኝ ነበር።»

«ለምን ሲባል?»

«ከአዳር ሥራ ስትመለሺ መሪ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ ብለሽ ነግረሽው የለ?»

አስታወሰች። ቁርስ ላይ እየሳቀች ነበር የነገረችው። እሱ አልሳቀም። ማንኪያውን አስቀምጦ የመኪናዋን ቁልፍ አንስቶ ወጣ። ያኮረፈ መስሏት ነበር።

«ሳይነግረኝ!» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «ልጅ ነኝ እንዴ? አፍ የለውም?»

«ቢነግርሽ እሺ ትይው ነበር?»

አትለውም ነበር። ተናደደችበት፣ ደግሞ ናፈቃት።

ሽቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከፈለግሽ ዛሬውኑ ከእስሯ እፈታታለሁ። ላፕቶፑን ይዤዋለሁ» አላት።

«ቆይ» አለችና ቁልፉን ይዛ ብቻዋን ወደ ግቢው ወጣች። ሞተሩን አስነሳች። ማርሽ ሳታስገባ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠች። ሞተሩ ጮኸ፣ ጨመረ፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ግን አሻፈረኝ አለ። እየተንቀጠቀጠ እዚያው ቀረ። እህቷና ሽቦ በመስኮት ያዩዋታል። ነርሷ እግሯን ሳታነሳ ያን ከልካይ ድምፅ ብዙ አዳመጠችው።

«እሺ» አለችው። እግሯንም ቀስ ብላ አነሳች።