ወደ ቀኝ የዞረው ኩምቢ

የዝሆን ራስ ያለው አምላክ ጋኔሽ፣ የነገው በዓል ባለቤት፣ ከመስኮቱ ሥር በጣውላ ላይ ተቀምጧል። ቁመቱ ስንዝር አይሞላም። ሆዱ ተነፍቷል፤ ጆሮዎቹ እንደ ሰፌድ ተዘርግተዋል። የዘጠኝ ዓመቷ ኬታኪ ጭቃውን ከኩሬው ዳር ቆፍራ አመጣች፣ ጠጠሩን ለቀመች፣ በእጇም አሸችው፤ ለአምላክ የሚሆን ጭቃ በእግር አይረገጥም። ዓይኖቹን በክብሪት እንጨት ወጋ ወጋ አደረገች።

በዚህ ቤት ጋኔሽ በየዓመቱ የሚመጣው ከገበያ ነበር። ዘንድሮ ግን ኬታኪ አሠራሩን ትምህርት ቤት ተምራ መጥታ፣ እኔ ካልሠራሁ ብላ ድርቅ አለች። አያቷ አኑሱያ ሁለት ቀን አስበው ፈቀዱ። ካልሆነ ግን በዋዜማው ናምዴቭ፣ የልጅቱ አባት፣ እንደ ወትሮው ይገዛል፤ የልጅቱም ከአሻንጉሊቶቿ ጋር ይቀመጣል አሉ። ዛሬ ዋዜማው ነው። እናቷ ኢንዱ ከጠዋት ጀምሮ ወደ መስኮቱ ስትመላለስ ዋለች። ልጇ ሰሞኑን ከዚያ ጭቃ ሌላ ወሬ የላትም።

አኑሱያ የሳሪያቸውን ጫፍ ራሳቸው ላይ ስበው ጎንበስ አሉ። ሆዱን አይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

"ኩምቢው ወደ ቀኝ ነው።"

እውነትም ነው። ኬታኪ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስትሠራ ወደ ራሷ ግራ አዙራዋለች፤ የእሷ ግራ ደግሞ የእሱ ቀኝ ነው። ኩምቢው ወደ ግራ የዞረ ጋኔሽ ገር የቤት እንግዳ ነው፤ የቀረበለትን ይበላል፣ ስህተትንም ያልፋል። ወደ ቀኝ የዞረው ግን ጥብቅ ነው፤ ጸሎቱ ደቂቃ ካለፈ፣ ንጽሕናው ቅንጣት ከጎደለ ይቀየማል ይባላል። የመንደሩ ሰው እሱን ለቤተ መቅደስ ይተወዋል እንጂ ቤቱ አያስገባም።

አኑሱያ ልጅቱን አልተቆጡም። ጉንጯን ዳበስ አድርገው ናምዴቭን ብስክሌቱን እንዲያወጣ አዘዙት። ኬታኪ አላለቀሰችም፤ አቀርቅራ መሬት መሬቱን ታያለች። ለኢንዱ ይህ ከልቅሶ የባሰ ሆነባት።

"እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ" አለች። "ቆርጬ አዞረዋለሁ።"

"የአምላክን ኩምቢ? አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ?"

"ነገ ጠዋት ጸሎቱ እስኪደረስለት ድረስ ጭቃ ነው። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።"

"ደርቋልኮ። ይሰነጠቃል።"

"የዚህን ቤት ምድጃ አሥራ አንድ ዓመት የለቀለቅኩት ማን ነው? አንድ ቀን ተሰንጥቆ አይተዋል?"

ናምዴቭ ብስክሌቱን እንደያዘ ሳቀ። ምድጃውስ እውነቷን ነው፣ በዚህ ቤት የተሰነጠቀው የእኔ ጭንቅላት ብቻ ነው አለ። እናቱ ዝም በል አሉት፤ ሂድ ግን አላሉትም።

ኢንዱ ኩምቢው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠመጠመችና ሩዙ በስሎ እስኪወርድ ተወችው። ከዚያ በስፌት ክር ከሥሩ ቆረጠችው። የተቆረጠውን ቦታ በሁለቱም በኩል በመርፌ ጫረች፣ ቀጭን ጭቃ ቀባች፣ ኩምቢውንም ለልጇ ሰጠቻት። ግራው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀቻት። ኬታኪ ዞራ ከጋኔሽ ጎን ተቀመጠች፣ ፊቷን እሱ ወደሚያይበት መለሰች፣ ግራ እጇን አነሣች።

"በዚህ" አለችና አጣበቀችው።

መጋጠሚያው ላይ አምባር የመሰለ መስመር ቀረ። ኢንዱ በእርጥብ ጣቷ ልታጠፋው ስትል አኑሱያ እጇን ያዟት። ከላይ እስከ ታች አዩት።

"አምና ከገበያ የመጣው አንድ ዓይኑ ጣራ ጣራ ያይ ነበር" አሉ። "ማንም ምንም አላለም።"

ናምዴቭን ብስክሌቱን አቁሞ ለመሥዋዕቱ ሰርዶ እንዲለቅም ላኩት፤ ሃያ አንድ ዘለላ ነው፣ ቆጥረህ አምጣ አሉት። ከሣጥናቸውም ቀዩን ምንጣፍ አውጥተው በጋኔሽ መቀመጫ ላይ ራሳቸው አነጠፉ። ከገበያ ለሚመጡት ትልልቆቹ የተሰፋ ስለሆነ ለዚህኛው በዛበት። ለሁለት አጠፉትና፣ ይበቃው እንደሆነ እንዲለኩት ኬታኪን ከነጣውላዋ ጠሯት።