የግራ እግር ጫማ

አጎቴ ያቺን አሮጌ አውሮፕላን ሊያበሩ ሲሉ የግራ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሃያ ዓመት ፈጀብኝ። ቡሎን የምንለው የበረራ ክበቡ መካኒክ «ትንሿ ጣታቸው ላይ መጅ አለ፤ ጫማ ያማቸዋል» ብሎኝ ነበር። እኔ ሞኟም አምኜ ቁጭ አልኩ።

አውሮፕላኗ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ሸራ የለበሰች፣ በዕድሜ እናቴን የምታህል ናት። አመሏ ብዙ ነው። የነዳጅ መለኪያዋ ቡሽ ላይ የተሰካ ሽቦ ነው፤ ሽቦው ካጠረ ነዳጅ እያለቀ ነው። ፍጥነቷ ከልክ በታች ሲወርድ የጎን በሯ ማንም ሳይነካው ወደ ላይ ይነሳል። ይህን ሁሉ በደብተሬ ጽፌ ይዤዋለሁ። ያልገባኝ መሬት ከነካች በኋላ የምትሠራው ነው። ሦስተኛ ጎማዋ ጅራቷ ሥር ስለሆነ፣ ትንሽ ከዘነጓት ጅራቷ ይቀድምና ወደ መጣችበት ዞራ ቁጭ ትላለች። አመል ያወጣል ከመሀል፤ ከአጎቴ በቀር የሚደፍራት አልነበረም።

ዘንድሮ ሐኪም የአጎቴን ዓይን አይቶ በረራ ከለከላቸው። አንድ ባለሆቴል ገዝቶ በሩ ላይ ሊሰቅላት ፈለገ። አጎቴም «የእህቴ ልጅ ከቻለቻት የሷ ናት፤ ካልቻለች ትሰቀል» አሉ። የክበቡ የበረራ አስተማሪ ሦስት ዕድል ሰጠኝ፤ በአንዱ እንኳ ቀጥ አድርጌ ካሳረፍኳት እንዳበራት ይፈርምልኛል።

በመጀመሪያው ከማኮብኮቢያው ወጥተን ሣር ውስጥ ገባን። በሁለተኛው አጠገቤ የተቀመጠው አስተማሪ ባይደርስልኝ ክንፏ ተሰብሮ ነበር። ወርጄ ወደ አጎቴ ሄድኩ።

«አጎቴ፣ ምንድን ነው የምረሳው?»

«እኔ እንጃ የኔ ልጅ። እግሬ ነው የሚያውቀው።»

እግራቸውን አየሁ። የማያበሩት ሰውዬ የግራ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሣሩ ላይ ቆመዋል።

«መጁ ዛሬም ያምዎታል?»

«የምን መጅ?»

አጠገባቸው የቆመው ቡሎን ድንገት ሰማዩን መመርመር ጀመረ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይኼ ነው። የግራ ጫማዬን አውልቄ ወደ አውሮፕላኗ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ፣ ከጅራቷ አንዲት ቀጭን ንዝረት ጅራቷን ከፔዳሎቹ በሚያገናኘው የብረት ገመድ መጥታ ባዶ እግሬን ነካካችኝ። ጫማ ባደርግ አላውቃትም ነበር። ገና ሳትዞር የቀኙን ፔዳል ጫን አልኩ፤ ንዝረቷ ጠፋች። ደግማ መጣች፤ ደግሜ ጫን አልኩ። እስክትቆም ድረስ እንዲሁ ስንነጋገር ቆየን። ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ የምትናገረውን ሰምቼላት አላውቅም! ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

አስተማሪው ፈርሞ ወረደ። «ይምጡ፣ አንድ ዙር እንበል» ብዬ አጎቴን ጠራኋቸው። በተሳፋሪ ወንበር ተቀምጠው አያውቁም። ያም ወንበር ከፊቱ ፔዳል አለው።

ገብተው ተቀመጡና በእጃቸው የያዙትን ጫማ ጥቂት አዩት። ከዚያ አጎንብሰው አደረጉት፤ ማሰሪያውንም ሁለት ጊዜ ቋጠሩት። እግራቸውን ከፔዳሉ ሰብስበው ወንበሩ ሥር አስገቡ።

እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን «ሂጂ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።